ገመዱ የእኛ፣ ፊርማው የእነሱ

ተጠራጣሪው፦ ቆይ፣ አንድ ጊዜ ድገምልኝ። ሙዚቃ የሚያሰማ ስፒከር ነው ከላፕቶፕ ጋር አገናኝተህ ነፍስ ዘራሁበት የምትለኝ?

ጠጋኙ፦ አዎ ጋሼ። ሆምፖድ ሚኒ ይባላል፤ አፕል በፈረንጆቹ 2020 ያወጣው፣ ጨርቅ የለበሰው ክብ ስፒከር። ባለቤቱ ሞቷል ብሎ ነው ያመጣው። አናቱ ላይ ያለው መብራት ብልጭ ድርግም ይላል፤ ስልኩ ሲፈልገው አያገኘውም፤ ቢጠሩት አይመልስም።

ተጠራጣሪው፦ በእኛ ጊዜ ሬዲዮ ዝም ሲል ጀርባው ይፈታል፣ የተቃጠለው ዕቃ ወጥቶ ሌላ ይገባል። አንተ ምን አወጣህ? ምን አስገባህ?

ጠጋኙ፦ የተቃጠለ ነገር ስላልነበረ ነዋ። ውስጡ ያለው ኤስ5 የሚባል ፕሮሰሰር ነው፤ የአፕል ሰዓት ላይ የሚገባው ዓይነት። ስሙ ስፒከር ይሁን እንጂ ኮምፒውተር ነው፤ የሚያሠራው ፈርምዌር አለው። አፕዴት ሲጭን መሃል ላይ ተቋረጠ ወይም ፋይሉ ተበላሸ እንበል፤ ሲነሳ የሚፈልገውን አያገኝም፣ እዚያው ይቆማል። ቦርዱ ደህና ነው፣ ድምፅ ማውጫው ደህና ነው፤ የሚያዛቸው ነው የጠፋው።

ተጠራጣሪው፦ እሺ፣ እንዴት እንደምታነሳው ንገረኝ። ምስጢር ነው እንዳትለኝ ብቻ።

ጠጋኙ፦ ምን ምስጢር አለው። መጀመሪያ ኮምፒውተርም አያስፈልግም። ነቅለው አሥር ሰከንድ ይቆያሉ፣ ይሰኩትና ሌላ አሥር ሰከንድ ይጠብቃሉ፤ ከዚያ ጣትዎን አናቱ ላይ አድርገው አይለቁም። የሚሽከረከረው ነጭ ብርሃን ቀይ ይሆናል፤ ሲሪ የምትባለው የአፕል የድምፅ ረዳት ሁሉም ነገር ሊጠፋ መሆኑን ትናገራለች፤ ሦስት ጊዜ ጢጥ ሲል ጣትዎን ያነሳሉ። ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚህ ላይ ያልቃል። እምቢ ካለ ነው ወደ ገመዱ የሚኬደው። የሚኒው ገመድ ከአካሉ አይለይም፤ ጫፉ ግን ዩኤስቢ ሲ ነው። ከአዳፕተሩ ነቅለው ማክ ኮምፒውተር ላይ ይሰኩታል። ጥቂት ሰከንድ ሲቆይ አናቱ ላይ ብርቱካናማ ብርሃን ብልጭ ድርግም ማለት ይጀምራል። ፋይንደርን ሲከፍቱ በጎን ካለው ዝርዝር ውስጥ ስፒከሩ ስሙን ይዞ ብቅ ይላል። እሱን መርጦ ሪስቶር የሚለውን መጫን ነው። ዊንዶውስ ላለውም አፕል ያዘጋጀው ፕሮግራም አለ። ኮምፒውተሩ ፈርምዌሩን ከአፕል ያወርዳል፤ የነበረውን ጠርጎ አዲሱን ይጽፍበታል። ሲጨርስ ወደ 20 ዋት አዳፕተሩ ይመልሱትና በአይፎን እንደ አዲስ ያስጀምሩታል። በቃ።

ተጠራጣሪው፦ አይፎን የሌለው ሰውስ?

ጠጋኙ፦ አይፎን ወይም አይፓድ ከሌለው አያስጀምረውም።

ተጠራጣሪው፦ ኢንተርኔት የሌለው?

ጠጋኙ፦ ፈርምዌሩን ከየት ያመጣዋል?

ተጠራጣሪው፦ ኢንተርኔትም አይፎንም ኖሮት፣ አፕል «ለዚህ ዕቃ አልፈቅድም» ቢለውስ?

ጠጋኙ፦ እ... ያኔ አይነሳም።

ተጠራጣሪው፦ እስቲ እዚህ ላይ ቁም። ፈቃድ የሚባል ነገር ከየት መጣ?

ጠጋኙ፦ ዕቃው ሲነሳ መጀመሪያ የሚነበበው ኮድ ቺፑ ሲመረት አብሮ የተቀረጸ ነው፤ ቡት ሮም ይሉታል። ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ አይጻፍበትም፣ አይሰረዝም። ሥራው አንድ ነው፦ ተከትሎት የሚመጣው ፕሮግራም የአፕል ፊርማ አለው ወይ ብሎ ማየት። ካለው ያሳልፈዋል፣ ከሌለው ያቆመዋል። ሪስቶር ሲደረግ ደግሞ ኮምፒውተሩ የዚያን ዕቃ መለያ ቁጥር ይዞ ወደ አፕል ሰርቨር ይሄዳል፤ ለዚያ ዕቃና ለዚያ እትም ብቻ የሚያገለግል ማረጋገጫ ይዞ ይመለሳል። ፋይሉን ከየትም ቢያገኙት ያለዚህ ማረጋገጫ ዋጋ የለውም።

ተጠራጣሪው፦ ስለዚህ አንተ ጠጋኝ አይደለህም፤ ጉዳይ አስፈጻሚ ነህ። ማመልከቻ ይዘህ ትሄዳለህ፣ ማኅተም አስመትተህ ትመለሳለህ።

ጠጋኙ፦ ይሁና! ጉዳዩ ግን ተፈጽሟል። ሰውየው ዕቃውን ይዞ የመጣው ሊጥለው ወስኖ ነው። እዚህ አገር አፕል የራሱ ሱቅ የለውም። በዋስትና ይቀየርልኝ ቢል ዕቃው መጀመሪያ በሻንጣ ወደመጣበት አገር በሻንጣ መመለስ አለበት። እኔ ጋ ግን በራሱ ገመድ፣ በራሴ ላፕቶፕ፣ ከሰዓት በኋላ ይዞት ሄደ። ማኅተሙ የማንም ይሁን፣ ጉዳዩን እቤቱ አጠገብ የጨረሰ ሰው ምን ጎደለበት?

ተጠራጣሪው፦ ዛሬ አልጎደለበትም። እኔ የምጠይቅህ ማኅተሙ ስለማይገኝበት ቀን ነው። ደግሞ ሌላ አለ። የገደለው ራሱ አዲሱ ፈርምዌር ቢሆንስ? ወደ አሮጌው ልመልሰው ብትል ይመልሱልሃል?

ጠጋኙ፦ አፕል ለአሮጌ እትም መፈረም ሲያቆም መመለስ አይቻልም። ሆኖም ያውቃል። እርስዎ የሚሉት በ2019 ደርሷል። በጥቅምት ወር መጨረሻ 13.2 የሚባል አፕዴት ለሆምፖድ ወጣ፤ ያኔ የነበረው ትልቁ ሆምፖድ ነው፣ ሚኒው ገና አልመጣም። አንዳንዶቹ ስፒከሮች አፕዴቱን ከጫኑ በኋላ ተዘጉ። አፕል አፕዴቱን አነሳው፤ በቀናት ውስጥ 13.2.1ን አወጣ።

ተጠራጣሪው፦ የተዘጉትስ?

ጠጋኙ፦ እነሱ... ወደ አፕል ደውሉ ተባሉ።

ተጠራጣሪው፦ ያንተ የኮምፒውተር ዘዴ የት ሄደ?

ጠጋኙ፦ ትልቁ ሆምፖድ ለተጠቃሚ የተተወ ቀዳዳ የለውማ! እኔም እኮ የምለው ይኼንን ነው። ገመድ ያለውና የሌለው ልዩነት ያ ሳምንት ላይ ታየ። ገመድ ቢኖር ኖሮ ሰዉ 13.2.1 በወጣ ማግስት ቤቱ ተቀምጦ ያስነሳው ነበር። ጋሼ፣ ሙሉ ነፃነት አይደለም፤ ነው አልኩዎት እንዴ? ከምንም ግን ይሻላል።

ተጠራጣሪው፦ «ለተጠቃሚ የተተወ» አልክ። ለማን ተትቷል ታዲያ?

ጠጋኙ፦ እዚህ ላይ ነገሩ ደስ ይላል። ትልቁ ሆምፖድ በየካቲት 2018 በ349 ዶላር ለገበያ ሲወጣ፣ ዕቃ እየፈቱ የሚመረምሩት የአይፊክስኢት ሰዎች በተኑት። ሥሩ ላይ ያለው ጎማ ሲነሳ ባለ 14 ፒን መገናኛ አገኙ። ፋብሪካው ለፍተሻ የሚጠቀምበት መሆን አለበት። ለጥገና ምቹነት ከ10 የሰጡት ግን 1 ነው፤ በሙጫ ተለጣጥፎ፣ ሳይቆረጥ የማይከፈት ነበር። በ2019 ደግሞ ቼክሜት የተባለ የደኅንነት ቀዳዳ ይፋ ሆነ። ቀዳዳው ያለው ቡት ሮም ላይ ነው፣ ያ ፈጽሞ የማይጻፍበት ላይ። ስለዚህ አፕል ቢፈልግም በአፕዴት ሊደፍነው አይችልም። ከኤ5 እስከ ኤ11 ያሉትን ቺፖች ይነካል፤ የትልቁ ሆምፖድ ቺፕ ኤ8 ነው።

ተጠራጣሪው፦ ገባኝ መሰለኝ። ጎማውን አንስተው ገቡበት።

ጠጋኙ፦ ገቡበት። በራሳቸው ተነሳሽነት የሚሠሩ ሰዎች በዚያ ባለ 14 ፒን ላይ የሚገጠም ማገናኛ ሠሩ፤ መያዣውን በስሪዲ ፕሪንተር እያተሙ። ከዚያ ኮምፒውተር ላይ ሰክተው፣ በቼክሜት አልፈው፣ ፈርምዌሩን እንደገና ጻፉበት። ከአፕል በቀር ማንም አይነካውም የተባለው ስፒከር ተነሳ። የአሜሪካም የቅጂ መብት ደንብ በ2018 ሲሻሻል፣ ባለቤቱ በድምፅ የሚታዘዘውን ዕቃውን ቁልፍ እንዲሰብር የሚፈቅድ አንቀጽ ገብቶበታል።

ተጠራጣሪው፦ ወይ ጉድ! እንግዲህ አስተውል። በር የሌለው አሮጌ ስፒከር ግድግዳው ስለተሰነጠቀ ባለቤቱ ይገባበታል። አዲሱ በር አለው፣ አንተ የምታሞግሰው ገመድ አለው፤ ግድግዳው ግን አልተሰነጠቀምና አምራቹ ካልፈቀደ ማንም አይገባም። ከሁለቱ የትኛው ነው የሰውየው ንብረት የሚባለው?

ጠጋኙ፦ ግድግዳው ለምን እንደተገነባም ይንገሩኝ እንጂ። ይኼ ዕቃ ማይክሮፎን አለው። መኝታ ቤት ይቀመጣል። ቀን ከሌት ስሙ እስኪጠራ ያዳምጣል። በ2017 አንድ የደኅንነት ተመራማሪ ኤኮ በሚባለው የአማዞን ስፒከር ላይ ያሳየውን ልንገርዎት። የ2015ና የ2016 ሞዴሎች ናቸው። ሥራቸው ላይ ያለው ጎማ ሲነሳ የመዳብ ነጥቦች አሉ። በእነሱ በኩል ከውጭ የኤስዲ ካርድ አያይዞ አስነሳው፣ የራሱን ፕሮግራም ከተተበት፣ ማይክሮፎኑ የሚሰማውን ሁሉ በኢንተርኔት ወደ ራሱ እንዲልክ አደረገው። ከውጭ ሲያዩት ምንም አልተለወጠም፤ ሙዚቃውንም ያጫውታል፣ ሰዓቱንም ይናገራል። ያው ጎማ ነው ጋሼ! እዚያ ባለቤቱ ገባበት ብለው ያጨበጨቡለት፣ እዚህ ጆሮ ጠቢ ገባበት። ፊርማ የሚጠየቀው ለዚህ ነው።

ተጠራጣሪው፦ ከባድ ነገር ተናገርክ። አልክድም። ግን ሌባን የሚከለክል ቁልፍ ባለቤቱንም ለምን ይከለክላል?

ጠጋኙ፦ ቺፑ ፊት አይቶ አይለይማ። ጎማውን የሚያነሳው ጣት የእርስዎ ይሁን የሠራተኛ፣ የእንግዳ ይሁን አሮጌ ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ፣ በምን ያውቃል? የሚያውቀው ፊርማ ብቻ ነው።

ተጠራጣሪው፦ ሰዎች ያሰቡበት ነገር ነው ይኼ። የልጄ ላፕቶፕ ክሮምቡክ ነው። ባለቤቱ ከፈለገ ቁልፉን የሚከፍትበት መንገድ ሠርተውለታል፦ ዲቨሎፐር ሞድ። ስትከፍተው ግን በውስጡ ያለውን መረጃ ሁሉ ያጠፋል፣ በተነሳ ቁጥርም ስክሪኑ ላይ ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ሌባ ቢከፍተው የሚሰርቀው መረጃ አያገኝም፤ እኔም ሳየው እንደተነካ አውቃለሁ። ባለቤቱም አልተከለከለ፣ ጆሮ ጠቢም አልተደበቀ።

ጠጋኙ፦ ስፒከር ስክሪን የለውም።

ተጠራጣሪው፦ አፍ አለው አይደል? በተነሳ ቁጥር «ፈርምዌሬ ከፋብሪካ የመጣው አይደለም» ብሎ ይናገር! አየሩ እንዴት ዋለ ሲሉት የሚመልስ ዕቃ ይኼን መናገር አያቅተውም።

ጠጋኙ፦ ይኼኛው... ይኼኛውስ ጥሩ ነው። ብቻ ማስጠንቀቂያውን የሚናገረው ራሱ ቡት ሮሙ ወይም እሱ ያመነው ፕሮግራም መሆን አለበት፤ ያለዚያ የገባው ሰው ዝም ያሰኘዋል። ይቻላል ግን። ሊሠራ ይችል ነበር።

ተጠራጣሪው፦ አልተሠራም። ለምን? አንተ ደኅንነት ትለኛለህ፤ እኔ ደግሞ አዲስ እንዲሸጡ ነው እልሃለሁ።

ጠጋኙ፦ ሁለቱም ይሆናል። ነገር ግን እርስዎ ያሉትን ቁልፍ ስንት ሰው ይጠቀምበታል? እኔ ጋ የሚመጣው ሰው ፈርምዌር ልቀይር አይልም፤ ዘፈኔን መልስልኝ ነው የሚለው። ለእሱ አንድ ሪስቶር የሚል ቁልፍ፣ ከኋላው ደግሞ ትክክለኛውን እትም መርጦ የሚሰጥ ኩባንያ ይሻለዋል። ሞባይል ቤት ፍላሽ ሲደረግ አላዩም? ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ፋይል ጭነውበት፣ ስልኩ ተነስቶ ማስታወቂያ የሚዘራ፣ አይኤምኢአዩ የጠፋ ስንት አለ! ያ ሁሉ ፊርማ የሌለበት ዓለም ነው።

ተጠራጣሪው፦ በዚያው ፍላሽ ስንት ስልክ እንደተረፈም ቁጠርልኝ። ለመሆኑ ያ ፊርማ ራሱ ዕድሜ የለውም? ማኅተሙ የማይገኝበት ቀን ያልኩህን ዘለልከው።

ጠጋኙ፦ አልዘለልኩትም፤ እየሸሸሁት ነበር። በመጋቢት 2025 የጉግል ሁለተኛ ትውልድ ክሮምካስትና ክሮምካስት ኦዲዮ በአንድ ቀን ሥራ አቆሙ። ክሮምካስት ኦዲዮ አሮጌ ስፒከርን ከዋይፋይ ጋር የሚያገናኝ ትንሽ ዕቃ ነው። አልተበላሹም፤ የአሥር ዓመት ዕድሜ የተሰጠው ዲጂታል ሰርተፊኬት ጊዜው አለፈበት እንጂ። ሌሎቹ ዕቃዎች ይኼን ሰርተፊኬት ሲያዩ ሐሰተኛ መስሏቸው አናውቅህም አሉት።

ተጠራጣሪው፦ ሰዉስ ምን አደረገ?

ጠጋኙ፦ እኔ የምመክረውን ነዋ፤ ሪሴት። ጉግልም ወዲያው ሪሴት አታድርጉ አለ። ያላደረጉት አፕዴቱ ሲመጣ በቀላሉ ተነሱ፤ ያደረጉት እንደገና ማስጀመር አቅቷቸው ተጨማሪ መፍትሔ ጠበቁ። ጉግል አስተካክሎታል፣ ይኼን መናገር ተገቢ ነው።

ተጠራጣሪው፦ አስተካክሎታል፤ ምክንያቱም ጉግል አለ። ማስተካከልም ፈልጓል። ኩባንያው ባይኖርስ? ወይም ኖሮ ባይፈልግ? ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኼኔ ነው። ዕቃው ጠረጴዛዬ ላይ፣ ሕይወቱ ሰርቨር ላይ።

ጠጋኙ፦ ለእሱም ምሳሌ አለኝ፤ የሚገርመው እኔንም እርስዎንም ይደግፋል። ስፖቲፋይ ካር ቲንግ የሚባል፣ መኪና ውስጥ ተቀምጦ ሙዚቃ የሚመርጥ ባለ ስክሪን ዕቃ ሸጦ ነበር። በታኅሣሥ 2024 ላይ ሁሉንም ዘጋቸው። በገንዘብ የተገዛ፣ ምንም ያልተበላሸ ዕቃ በአንድ ቀን ወረቀት መጫኛ ሆነ። ነገር ግን አምራቹ በሩን አጥብቆ አልቆለፈውም ነበር። ሁለት ቁልፍ ተጭኖ ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ ፈርምዌር ይቀበላል፣ የማንም ይሁን። ሰዎች የራሳቸውን ፕሮግራም ጽፈው ጫኑበት፤ ዛሬ የኮምፒውተር ሙዚቃ መቆጣጠሪያ አድርገው የሚጠቀሙበት አሉ።

ተጠራጣሪው፦ እኔን እንጂ አንተን በምን ደገፈህ?

ጠጋኙ፦ ገመዱ ባይኖር ያ ሁሉ አይሆንም ነበር። ከኮምፒውተር ጋር የሚገናኝ መንገድ መኖሩ ነው መጀመሪያው። ፊርማው ቀጥሎ የሚመጣ ክርክር ነው፤ ሕግ ያላላዋል፣ ወይም ጊዜ፣ ወይም እንደ ቼክሜት ያለ ቀዳዳ። ቀዳዳው ራሱ ከሌለ ግን በምን ይጀመራል? የእርስዎ መልካም ሐሳብ፣ ያ የሚናገረው ስፒከር እንኳ፣ መሰኪያ ይፈልጋል።

ተጠራጣሪው፦ እሱስ ልክ ነህ። ሕግ አልክ፤ ሕጉ የት ደረሰ?

ጠጋኙ፦ እየተንፏቀቀ ነው። እንግሊዝ ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ ከኢንተርኔት ጋር የሚገናኝ የቤት ዕቃ የሚያመርት የደኅንነት አፕዴት ቢያንስ እስከ መቼ እንደሚሰጥ አስቀድሞ እንዲናገር አስገድዳለች። የአውሮፓ ኅብረትም ተመሳሳይ ሕግ አውጥቷል፤ ዋናዎቹ ግዴታዎች በታኅሣሥ 2027 ይጀምራሉ።

ተጠራጣሪው፦ እስከ መቼ እንደሚሰጥ ይናገር እንጂ፣ ሲያቆም ቁልፉን ለባለቤቱ ያስረክብ አይልማ! እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። አምራቹ ዛሬ ይፈርም፤ ማይክሮፎን ያለበት ዕቃ ነውና እሺ ብያለሁ። መፈረም የሚያቆም ቀን ግን የመጨረሻ ሥራው አንድ አፕዴት ይሁን፦ ከዚህ በኋላ ያለ እኔ ፊርማ ተነሳ የሚል። ይኼ ይበዛበታል?

ጠጋኙ፦ አይበዛበትም። ግን ያን ቀን አሮጌው ዕቃ ሁሉ ለጆሮ ጠቢም ይከፈታል፤ ባለቤቱ ይኼን የማያውቅ ዕቃውን ሳይጥል እየተጠቀመበት ይሆናል። አፕዴት የማያገኝ ክፍት ዕቃ፣ አፕዴት ከማያገኝ ዝግ ዕቃ የባሰ አደጋ አለው።

ተጠራጣሪው፦ ባለቤቱ ሲጠይቅ ብቻ ይከፈት ታዲያ። ገመድ ሰክቶ፣ አውቆ፣ መረጃው እንደሚጠፋ ተነግሮት።

ጠጋኙ፦ እንዲያ ከሆነ እስማማለሁ። ገመድ ሰክቶ እስካሉ ድረስ።

ተጠራጣሪው፦ መቼም ይኼን ያህል የምታምንበት ገመድ ከሆነ፣ አዲሶቹ ላይ አጠናክረውት ይሆናል። በ2023 የወጣው ሁለተኛው ትልቁ ሆምፖድስ? እሱ ይሻላል አይደል?

ጠጋኙ፦ ድምፁ ይሻላል። ገመዱም ከአካሉ ይነቀላል፤ የኤሌክትሪክ ገመድ ብቻ ስለሆነ ግን ኮምፒውተር ላይ አይሰካም። አፕል ባለቤቱ በኮምፒውተር ሪስቶር እንዲያደርግ የፈቀደው ሚኒውን ብቻ ነው፤ በ99 ዶላር የወጣውን። የ299 ዶላሩ በጣት ነክተው ሪሴት ሲያደርጉት እምቢ ካለ፣ የሚቀረው ወደ አፕል መደወል ነው።